አባሪ አራት የት ሄደ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይህን አጀንዳ ከዕቃ ግምጃ ቤት ያወጣሁት ለቃለ ጉባኤ ነበር። በኋላ ቃለ ጉባኤው በኮምፒውተር ይሁን ተባለና አጀንዳው ባዶውን መሳቢያዬ ውስጥ ከረመ። እንግዲህ በመንግሥት ንብረት ላይ የግል ብሶቴን እጽፋለሁ። ከፈለጉ በዚህም ይገምግሙኝ።

ዛሬ ሁለት ነገር መጣ። አንደኛው የድልድል ፎርም ነው። በአዲሱ የአሠራር ለውጥ የቢሮው ሠራተኛ በሙሉ ከመደቡ ተነስቶ እንደ አዲስ ይወዳደራል። መደብ ያገኘ ይቀመጣል፣ ያላገኘ «ተንሳፋፊ» ይባላል። እኔ ገበያነሽ፣ አሥራ ሰባት ዓመት እዚህ ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ፣ ከታይፕራይተር እስከ ኮምፒውተር ስቀጠቅጥ ኖሬ፣ አሁን ለዚያችው ጎኗ ለተሰበረ ወንበር ማመልከቻ ላስገባ ነው።

ሁለተኛው የጠሀ ሪፖርት ነው። ጠሀ የውሃ መሐንዲሳችን ነው፤ አባቱ መናኸሪያ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ልጁ ገና በእግሩ ሳይቆም የቧንቧ ክር መቁጠር የለመደ ይመስለኛል። ጥናቱ የጋልማቾ ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ነው። ዋናው ሰነድ 62 ገጽ፣ አባሪው ሰባት፣ የአባሪው ገጽ 86። ጠሀ እንደሌሎቹ «ዝርዝሩ ተያይዟል» ብሎ አያልፍም። «የጉድጓድ ቁጥር 3ን የውሃ ጥራት ውጤት በአባሪ 4፣ ሠንጠረዥ 2 ይመልከቱ» ይላል። የት እንደምሄድ፣ ስሄድ ምን እንደማገኝ ይነግረኛል። ለአዲስ ጸሐፊዎች ሁልጊዜ የምላቸው ይህንኑ ነው፦ አንባቢን ወደ ሌላ ገጽ ከላካችሁ በሩን ቁጠሩለት።

አባሪ 4 በዋናው ሰነድ ውስጥ ዘጠኝ ቦታ ተጠቅሷል። ቆጥሬ ነው። ሰነዱ እስከ ኅዳር 16 ለገምጋሚው መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ለፎርሙ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። በምሳ ሰዓት ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለ ፎቶ ቤት ገባሁ። ፎቶ አንሺው «እናቴ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አለኝ። ፈገግታ ፎርሙ ላይ አልተጠየቀም አልኩት። እንደ ሁልጊዜው ከንፈሬን ገጥሜ ተነሳሁ።

ሃሴት ፎቶውን አይታ «እማ፣ ልትከሺን የመጣሽ ነው የምትመስይው» አለች። ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት፣ ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተና አለባት፣ አፏ ግን ከፈተናው በፊት ደርሷል። «ጥርስሽን ብታሳይ ምን ይወሰድብሻል?» አለችኝ። እሷ ምን አለባት። እዚሁ ከተማ ታቦር ሰፈር ተወልዳ የከተማ ቧንቧ ጠጥታ ነው ያደገችው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አቶ ጉልላት ጠሩኝ። ድሮ የመምሪያ ኃላፊ ይባሉ ነበር፤ በአዲሱ አጠራር የሥራ ሂደት ባለቤት ሆነዋል። የአባሪ 4ን ስድስት ገጾች በክሊፕ ለይተው ጠረጴዛው ዳር አስቀምጠዋቸዋል።

«ገበያነሽ፣ ይቺ ትውጣ። ከአምስት ጀምሮ ያለውን ቁጥር ዝቅ ዝቅ አድርጊው። ጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰውንም አጽጂው።»

«ጠሀ ያውቃል?»

«ጠሀ ልጅ ነው።»

ገጾቹን እኔ ነኝ የተየብኳቸው። ጉድጓድ ቁጥር 3፣ ፍሎራይድ በሊትር 7.8 ሚሊግራም። ከሥሩ ከ1.5 እንዳይበልጥ ይላል። ጉድጓዱ ግን ተቆፍሯል፣ ፓምፑ መጋዘን ገብቷል፣ ምርቃቱ ለጥምቀት ሰሞን ተቆርጧል፣ እንግዶቹ ተጠርተዋል።

«ሕዝቡ የኩሬ ውሃ ነው የሚጠጣው» አሉ አቶ ጉልላት። «ተቅማጥ በሦስት ቀን ይገድላል። ፍሎራይድ ማንን ገደለ? ደግሞስ አባሪ ማን ያነባል?»

«እሺ፣ አየዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። አየዋለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመት አጥርቼ የተማርኩት ቃል ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አላየሁትም። ሌላ ሥራ በዛብኝ አልኩ። አልበዛብኝም።

ጠሀ በበራፌ ሁለት ጊዜ አለፈ። ሁለቱንም ጊዜ ወለሉን እያየ ነው ያለፈው። እንግዲያው ያውቃል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ተናገርኩ። መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አጥንቼው ነበር፤ በሩን ስከፍት ግማሹ ጠፋኝ። የቀረውን ግን አልኩት።

«ገጹን ማውጣት የእርስዎ ሥልጣን ነው፣ አወጣዋለሁ። ቁጥሩን ግን አልቀይርም። ዘጠኙንም ቦታ አልነካም። ሰነዱ አባሪ 4ን ይመልከቱ ካለ ይበል። ማውጫው ከሦስት ወደ አምስት ይዝለል። ያነበበ ሰው አራት የት ሄደ ብሎ ይጠይቅ።»

«ወይዘሮ ገበያነሽ» አሉኝ። አቶ ጉልላት አንቱ የሚሉኝ ሲናደዱ ብቻ ነው። «ድልድል ላይ መሆናችንን ያስታውሳሉ?»

«ፎቶ ተነስቻለሁ» አልኩ።

ከዚያ ወጥቼ መዝገብ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ እትዬ እህተማርያም መጋቢት ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ወጪ ደብዳቤ በሙሉ በሳቸው እጅ ያልፋል። ግርጌው ላይ «አባሪ፦ 20 ገጽ» የሚል ከሆነ ጣታቸውን በምራቅ እየነከሩ ሃያውን ይቆጥራሉ። አሥራ ዘጠኝ ከሆነባቸው ቀይ እስክሪብቶ አንስተው ጉድለቱን እዚያው ደብዳቤው ላይ ይጽፉታል፣ የፈለገው ባለሥልጣን ይፈርምበት። በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ተከሰው «እኔ የምቆጥረው ወረቀት ነው፤ ፊርማ የሚቆጥር ሌላ ቅጠሩ» ብለው ተመለሱ።

«ፊትሽ ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ፊት አላውቅም» ብለው ቆጠራቸውን ቀጠሉ።

ለምን እንዲህ ግትር እንዳልኩ ቢጠይቁኝ፣ ሥራዬን ስለምወድ ነው የምለው። የተዘበራረቀ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ሃሴት ከጓደኞቿ ጋር ወደ ሐይቁ ሄዳለች። ቤቱ ፀጥ ብሏል። ብርድ ልብሱን ለማናፈስ ቁምሳጥን ከፈትኩ። ውሸቴን ነው። ብርድ ልብሱ መናፈስ አላስፈለገውም፤ ከሥሩ ያለችውን ነገር ለማየት ነው የከፈትኩት።

አለች። ሁለት ገጽ፣ አራት ላይ የታጠፈች።

እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለዚህ አጀንዳም ቢሆን ዛሬ ነው። በ1996 ሌላ ሪፖርት ነበር። ሌላ ቀበሌ፣ አሁን የተዛወሩ ሌላ ኃላፊ፣ ያው ፍሎራይድ። አባሪ 6 ይባል ነበር። «አውጪው» ተባልኩ፣ አወጣሁ። አውጥቼ ብተወው እንኳ አንድ ነገር ነበር። እኔ ግን አስተካከልኩት። ሰባትን ስድስት፣ ስምንትን ሰባት አደረግሁ። ማውጫውን፣ የግርጌ ማስታወሻውን፣ በጽሑፉ መሐል የተጠቀሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ለቅሜ ገጣጠምኩት። ማንም ቢያነበው አባሪ 6 የሚባል የምርመራ ውጤት ነበረ ብሎ አይጠረጥርም። ያኔ የቢሮው ሰው ሁሉ «ገበያነሽ የነካችው ሰነድ ስፌት የለውም» ይል ነበር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ምስጉን ሠራተኛ ተባልኩ። ሰርተፊኬቱን ሃሴት ናት ሳሎን የሰቀለችው፤ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች፣ ወንበር ላይ ቆማ ሚስማሩን ራሷ መታችው። እንዴት አድርጌ አውርጂው ልበላት?

ሁለቱን ገጾች ለምን እንዳልቀደድኳቸው አላውቅም። እዚያ ቀበሌ ቧንቧው ከተከፈተ አራት ዓመት አልፎታል። በአራት ዓመት የልጅ የወተት ጥርስ ወልቆ ሌላው ይወጣል። ምን ዓይነት ጥርስ እንደሚወጣ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልገውም።

ከዚህ በላይ አላስብም ብዬ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ። ለሦስት ሰው የሚሆን ሽንኩርት ለሁለት ሰው ከተፍኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

አቶ ጉልላት ሥራውን ለብርቱካን ሰጧት። ብርቱካን በኮንትራት የገባች ወጣት ጸሐፊ ናት፤ ጣቷ ፈጣን ነው፣ ክፋት የለባትም። በኮምፒውተሩ ፈልጎ እንዲተካ አዘዘችውና አባሪ 5ን ወደ 4፣ 6ን ወደ 5፣ 7ን ወደ 6 ለወጠችው። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ዱሮውኑ አባሪ 4 ይሉ የነበሩትን ዘጠኝ ቦታዎች ማጥፋት ግን ረሳች።

ስለዚህ ሰነዱ አሁን «ስለ ጉድጓድ ቁጥር 3 የውሃ ጥራት አባሪ 4ን ይመልከቱ» ይላል። አባሪ 4ን የከፈተ ሰው የሚያገኘው የጥበቃ ቤቱን ፕላን ነው። ከነሽንት ቤቱ።

ሳቅኩ። አፌን በእጄ ሸፍኜ ነው፣ ግን እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ቀና ስል ብርቱካን የምሯን እያለቀሰች ነው። «እትዬ ገበያነሽ፣ ኮንትራቴ ታኅሣሥ ላይ ያልቃል፤ ይህንን አበላሸች ከተባልኩ አያድሱልኝም» አለች።

ልረዳት ይገባ ነበር። በግማሽ ሰዓት ስፌት እንዳይታየው አድርጌ ልገጣጥምላት እችላለሁ፣ በዚህ ከተማ ከኔ የተሻለ የሚችል የለም። አልረዳኋትም። «የታዘዝሽውን ሠርተሻል፤ እንዲህ አድርጊ ያለሽ ሰው ይመልከተው» አልኳት። ይህ ምክር አይደለም፣ አውቃለሁ። በኔ እልህ የሷ እንጀራ እንዳይሄድ እፈራለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አቶ ላላሞ መጡ። የጋልማቾ የውሃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሁለት መኪና ቀይረው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ ይዘው። ከዘበኛችን ጋር በሲዳምኛ ሲጫወቱ ድምፃቸው ሞቅ ያለ ነው። ወደኔ ሲዞሩና አማርኛ ሲጀምሩ አጭር ይሆናሉ።

«ወረቀት የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ አቶ ላላሞ። ይቀመጡ።»

«መቀመጥ አልፈልግም። ልጆቻችን ከከብት ጋር አንድ ኩሬ ነው የሚጠጡት። ባለፈው ወር ሁለት ልጅ ቀበርን። ጉድጓድ አለ፣ ፓምፕ መጣ ይሉናል። የቀረው ወረቀት ነው ይሉናል። እንግዲህ ቶሎ ጻፊ።»

  ሁለት ልጅ።

ከሄዱ በኋላ አቶ ጉልላት ልክ ቢሆኑስ አልኩ። እዚህ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስለ ቁጥር እጣላለሁ፣ እዚያ ልጅ ይቀበራል። ብስጭቴ ሲበርድ ሪፖርቱን አወጣሁና እንደ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ ሰው አነበብኩት። ገጽ 41 ላይ አለ፦ ጉድጓድ ቁጥር 1፣ ከኮረብታው ሥር፣ ውሃው ንጹሕ፣ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ቧንቧ ይፈልጋል፣ የቧንቧው ቦይ ቁፋሮ አምስት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ለኩሬው ውሃ የማከሚያ መድኃኒት ይታደል ይላል። ጠሀ ሁሉንም አስቦበታል። ከዚያ «ቅርቡ ጉድጓድ የተተወበትን ምክንያት በአባሪ 4 ይመልከቱ» ይላል።

አባሪ 4 ከሌለ ገጽ 41 የዕብድ ሐሳብ ነው። ደጁ ላይ ውሃ እያለ አራት ኪሎ ሜትር ቧንቧ የሚጎትት ማን አለ?

እንግዲያው ልክ አይደሉም። አቶ ጉልላት ልክ አይደሉም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

የመጨረሻው ቀን። እየተጣደፍኩ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት፦ አቶ ጉልላት ሰነዱን ገለጡ፣ የጥበቃ ቤቱን አገኙ። ጩኸት። ብርቱካን ኮሪደር ላይ።

አራት ሰዓት፦ ጠሩኝ። «አስተካክይው።» «እንደነበረ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ውጭ አልችልም።» ሾፌሩ ታች ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል።

አምስት ሰዓት፦ መለስኩት። ዘጠኙም በቦታቸው። ስድስቱ ገጽ የሉም፣ እንደታዘዝኩት። ሸኚው ደብዳቤ ላይ «ዋና ሰነድ 62 ገጽ፣ አባሪ 86 ገጽ» ብዬ ጻፍኩ። ሆን ብዬ ነው። ነገ ተሳስቼ ነው አልልም።

«ቁጥሩን አልነካሁትም፣ አቶ ጉልላት። ይወቁት።»

«ዛሬ ይውጣ ብቻ። አባሪ ማን ያነባል!» ፈረሙ።

መዝገብ ቤት። እትዬ እህተማርያም ጣታቸውን ነክረው ጀመሩ። ሲጨርሱ «ሰማንያ» አሉ።

«ደብዳቤው ሰማንያ ስድስት ነው የሚለው» አልኩ።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ጠፍቶ ነው ወይስ ወጥቶ?»

«ወጥቶ።»

ሌላ ጥያቄ የለም። ቀዩ እስክሪብቶ። «አባሪ 4፣ 6 ገጽ፣ ከሰነዱ ጋር አልተያያዘም።» ማኅተም። መኪናው ሄደ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ምንም። ከገምጋሚው መልስ መጣ ብዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀድሜ አነሳለሁ።

ጠሀ መጣ። «እትዬ ገበያነሽ፣ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለኝ። «ነበርክ» አልኩት። አላጽናናሁትም። እኔስ በ1996 ማን አጽናናኝ? ማንም ስላልወቀሰኝ ነው እንዲህ የሆንኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ድልድሉ ተለጠፈ። ሰሌዳው ፊት ሰው እንደ ፈተና ውጤት ይጋፋል። ስሜን ከላይ ወደ ታች ፈለግሁ፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። በመጨረሻው ወረቀት ላይ አገኘሁት፦ «መደብ ያላገኙ ሠራተኞች፣ ተራ ቁጥር 3።» በተነሳሁት ፎቶ ሳይሆን አይቀርም የገመገሙኝ።

በኔ ቦታ ብርቱካን ተደልድላለች። ቅር አለኝ ብል እውነት ነው። ደስ አለኝ ብልም እውነት ነው።

ለሃሴት ስነግራት ሳሎን ያለውን ሰርተፊኬት እያየች «ምስጉን ሠራተኛ እንዴት ይንሳፈፋል?» አለች። ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

የገምጋሚው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። እትዬ እህተማርያም ገቢ መዝገብ ላይ አስፍረው፣ ለአቶ ጉልላት ከመውጣቱ በፊት እኔን አስጠርተው አሳዩኝ። እንዲህ ማድረግ አይፈቀድም። በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው የመጀመሪያ ጥፋታቸው ይመስለኛል። አንድ አንቀጽ በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«በዋናው ሰነድ በዘጠኝ ቦታ የተጠቀሰው አባሪ 4 ያልተያያዘ በመሆኑና በተለይም በገጽ 41 የቀረበውን የመፍትሔ ሐሳብ ያለዚሁ አባሪ መመዘን ስለማይቻል፣ አባሪው ተሟልቶ እስኪላክ ድረስ የጋልማቾ ጉድጓድ ቁጥር 3 ሥራ ባለበት እንዲቆም እናሳስባለን።»

ዘጠኝ ይላል። አንድ ሰው፣ የሆነ ጠረጴዛ ላይ፣ የማላውቀው ሰው፣ ተቀምጦ ቆጥሯል። አንድ ሰው አባሪ ያነባል።

ከሰዓት አቶ ጉልላት ጠሩኝ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር፤ አልጮኹም። ደክሟቸዋል። «ምርቃቱ ቀረ። ደስ አለሽ?» አሉኝ።

«ምርቃቱ ሲቀር አይደለም ደስ የሚለኝ» አልኩ። «ግን አዎ፣ ደስ ብሎኛል።»

«ያ ሕዝብ ውሃ ጠምቶታል።»

«ገጽ 41ን ያንብቡት። አብረን እናንብበው ቢሉኝም አነብልዎታለሁ።»

መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። አይደሉም። ቀኑ የደረሰባቸው ሰው ናቸው፤ እኔም በ1996 ቀኑ ደርሶብኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

አቶ ላላሞ ሥራው ቆመ ሲሉ ሰምተው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ከዘበኛው ጋርም አልተጫወቱም። ኮሪደር ላይ አገኙኝና ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ መቱት።

«አንቺ ነሽ ውሃ የከለከልሽን አሉኝ። እውነት ነው?»

ሰው ይመለከታል። ብርቱካን በራፉ ላይ ቆማለች፣ ጠሀ ከደረጃው ወርዶ ቆሟል። ላስረዳቸው ጀመርኩ፦ ፍሎራይድ፣ ሚሊግራም፣ ሠንጠረዥ 2። ዓይናቸው ላይ ምንም እንደማይገባ አየሁ። ያኔ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አድርጌ አላውቅም። ሠርጌ ላይ እንኳ አላደረግሁትም።

ከንፈሬን ገልጬ ጥርሴን አሳየኋቸው። የላዩንም የታቹንም፣ ቡናማውንም የተበላውንም።

«ያደግሁት ታች ስምጥ ሸለቆ፣ እርሻ ካምፕ ነው» አልኳቸው። «ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ጣዕሙም ደግ ነበር። ጥርሴን እንዲህ ያደረገው እሱ ነው። አባቴ ደግሞ በሃምሳ ዓመቱ አንገቱን ማዞር አይችልም ነበር፤ ሰው ከኋላው ሲጠራው በሙሉ ገላው ነበር የሚዞረው። ውሃው አጥንቱ ውስጥ ገብቶበት። የእናንተ ጉድጓድ ከዚያኛው ይብሳል። ሌላ ጉድጓድ አለ፣ ከኮረብታው ሥር። እሱን ነው የጻፍነው።»

 አቶ ላላሞ ጠጋ ብለው በደንብ አዩ፣ ሳያፍሩም ሳያሳፍሩኝም።

«እኛ ከብት ስንገዛ ጥርስ እናያለን» አሉ ቀስ ብለው። «ለውሃው ግን ማንም ምንም አላሳየንም።» ከዚያ ወደ ጠሀ ዞሩ። «ኮረብታው ሥር ያለው ስንት ወር ነው?»

«ቦዩን ለመቆፈር አምስት ወር» አለ ጠሀ።

«በማሽን?»

«በተቀጠረ ሠራተኛ።»

«እኛ ብንቆፍረውስ? ቀበሌው በሙሉ ቢወጣ?»

ጠሀ በጣቱ አሰላ። «ሁለት ወር» አለ። ድምፁ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የመሐንዲስ ድምፅ ሆነ። አቶ ላላሞ ይዘውት ወደ ካርታው ክፍል ወጡ። እኔ እዚያው ቀረሁ። እጄ ወደ አፌ ሊሄድ ሲል አየሁትና አወረድኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ተንሳፋፊዎች ወደሚያስፈልጉበት ተመደቡ። እትዬ እህተማርያም «ጡረታ ልወጣ ነው፣ መቁጠር የምትችል ሰው ስጡኝ» ብለው በጽሑፍ ጠይቀው ኖሮ፣ እኔ መዝገብ ቤት ደረሰኝ። ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ መስኮቱ ከጣራው ሥር ያለች አንዲት ቀዳዳ ናት፣ አቧራው ደግሞ ከኔ የቆየ ባለመደብ ነው። አቶ ጉልላት ምደባውን ሲፈርሙ «እዚያ ታርፊያለሽ» አሉኝ። ቅጣት መሆኑ ነው።

ከዚህ ቢሮ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በኔ እጅ እንዲያልፍ አድርገው ቀጡኝ እንግዲህ። አልተከራከርኩም።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ዛሬ ጠዋት ጠሀ ስድስቱን ገጽ ራሱ ይዞ መጣ። ሸኚውን ብርቱካን ተይባዋለች፣ አቶ ጉልላት ፈርመውበታል፤ ከበላይ ስለታዘዙ ነው፣ ግን ፈርመዋል። እትዬ እህተማርያም ወረቀቱን ወደኔ ገፉት። ጣቴን ነክሬ ቆጠርኩ። ስድስት። ማኅተሙን ራሴ መታሁት። የጋልማቾ ሰው ከጥምቀት ማግሥት ቦይ መቆፈር ይጀምራል፣ አካፋውን የጠሀ አባት ሊያውሷቸው ነው አሉ።

በዚህ ላቆም እችል ነበር። ማንም ሌላ የጠየቀኝ የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ መደርደሪያውን ወጥቼ የ1996ን ፋይል አወረድኩት። አባሪ 5፣ አባሪ 6፣ አባሪ 7። አንድም እንከን የለውም። ያን ያህል ጥሩ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አፍሬ ሳይሆን ተናድጄ ነው ያየሁት፣ በዚያች በአርባ ዓመቷ እንደ ተማሪ ጎበዝ መባል በሚያስደስታት ሴት።

ከቤት ይዤው የመጣሁትን ፖስታ አወጣሁ። ማመልከቻውን ትናንት በእጄ ጽፌዋለሁ፤ እንዲህ ይላል፦

«በ1996 ዓ.ም. ከቢሮው በተላከው የመጠጥ ውሃ ጥናት ውስጥ አባሪ 6 የነበረው የውሃ ጥራት ምርመራ ውጤት እንዲወጣ ተደርጎ፣ መውጣቱ እንዳይታወቅ የቀሩት አባሪዎች ቁጥር ተቀይሯል። ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ታዝዤ ነው፤ ነገር ግን እምቢ ማለት እንደሚቻል አሁን ስላወቅሁ ትእዛዙን ምክንያት አላደርግም። የቀበሌው ውሃ በአስቸኳይ እንዲመረመር እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለገምጋሚው መሥሪያ ቤት። አባሪ፦ 3 ገጽ።»

እንደ ባለጉዳይ በደብዳቤ መቀበያው መስኮት ዞሬ ሰጠኋቸው። ገቢ ደብዳቤ ማንም ያምጣው፣ መዝገብ ቤት ሳይመዘግብ መመለስ አይችልም። ከተመዘገበ ደግሞ ማንም ሊፍቀው አይችልም።

«ከማን?» አሉ እትዬ እህተማርያም፣ መዝገቡን ገልጠው።

«ከገበያነሽ።»

 «ልጅ አለሽኮ» አሉ።

«ትናንት አንብቤላታለሁ። ሚስማሩን የነቀለችው እሷ ናት።»

ያኔ ነው ፖስታው ውስጥ ያለውን ያወጡት። ጣታቸውን ነከሩ። አንደኛው ገጽ፣ የምርመራ ውጤት። ሁለተኛው ገጽ፣ የምርመራ ውጤት። ሦስተኛው ወፍራም ነው፣ ዳሩ ባለወርቅ ቀለም፣ አራት ማዕዘኑ ላይ የፍሬም ምልክት ያለበት። ወደ መብራቱ አስጠግተው ስሜን፣ «ምስጉን ሠራተኛ» የሚለውን፣ ዓመተ ምሕረቱን አነበቡ። ረጅም ጊዜ አነበቡት።

«ሦስት» አሉ። «ሙሉ ነው።»

ማኅተሙን አንስተው መቱት፣ ቁጥሩን ሰጡኝ።